ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ዑደት፤ የእርሻን ወራት ለማወቅ

ለእርሻ ሥራ ከሁሉ የሚቀድመው ጊዜን ማወቅ ነው። ዘሩ መልካም፣ በሬው ብርቱ፣ ገበሬውም ትጉህ ቢሆን፣ ወራቱ ካለፈ በኋላ የተዘራ እህል ዝናሙ ሲያቋርጥ ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። ጊዜም የሚቈጠረው በፀሐይና በጨረቃ ስለሆነ፣ የሁለቱን ልዩነት ሕዝብ የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ጠንቅቀው ሊያውቁት ይገባል።

ጨረቃ ከሠርቅ እስከ ሠርቅ ዑደቷን የምትፈጽመው በአማካይ በ29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው። ይህም 12 ጊዜ ሲደመር 354 ቀን ይሆናል። ምድር ግን ፀሐይን ዞራ የምትፈጽመው በ365 ቀን ከሩብ ገደማ ነው። እንግዲህ የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳል። አባቶቻችንም ይህን ስላወቁ በባሕረ ሐሳብ አበቅቴን 11፣ 11 እያሉ ይቈጥራሉ፤ ጨረቃም በ19 ዓመት ወደ ቀድሞው ቀኗ ስለምትመለስ 19ኙን ዓመት ንዑስ ቀመር ብለውታል።

ስለዚህ ዘንድሮ በአንዲት ጨረቃ ዘርቶ የቀናው ሰው፣ ወደፊትም 12 ጨረቃ ብቻ እየቈጠረ ቢዘራ፣ በ3 ዓመት ውስጥ 33 ቀን ያህል ይቀድማል። ዘሩም በደረቅ መሬት ወድቆ የወፍና የጉንዳን ምግብ ይሆናል።

በጋንና ክረምትን የሚያፈራርቀው የፀሐይ ዑደት ነው። ምድር 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ዘንበል ብላ ፀሐይን ስለምትዞር፣ ፀሐይ ለዓይን ስትታይ ስድስት ወር ወደ ሰሜን፣ ስድስት ወር ወደ ደቡብ ትሄዳለች። የሰሜኑ ወሰኗ ሰኔ 14 ቀን ገደማ፣ የደቡቡም ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ ነው። ዝናሙ ፀሐይን ዘግየት ብሎ ስለሚከተል፣ በብዙው ደጋ አገራችን ክረምቱ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው።

ይህን ማንም ሹም በገዛ ግቢው ሊመረምረው ይችላል። በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ ያቁም፤ በየቀኑም በቀትር፣ ጥላው ከሁሉ ባጠረበት ሰዓት፣ ጫፉን በድንጋይ ምልክት ያድርግ። በአዲስ አበባ ሚያዝያ 5 ቀን ገደማ ፀሐይ በአናት ላይ ስለምትውል የቀትሩ ጥላ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ነሐሴ 24 ቀን ገደማ ዳግመኛ ይጠፋና ወደ ሰሜን ይመለሳል። ጎንደር ወደ ሰሜን ስለሚርቅ፣ በዚያ ጥላው የሚጠፋው ሚያዝያ 16 እና ነሐሴ 13 ቀን ገደማ ነው።

ሆኖም ዘንጉ ወራቱን እንጂ ዝናሙን አይናገርም። ፀሐይ ቀኗን ጠብቃ ስትመላለስ፣ ዝናሙ አንዳንድ ዓመት ይቀድማል፤ አንዳንድ ዓመት ይዘገያል። ስለዚህ የመዝሪያውን ቀን ገበሬው አፈሩን ቈፍሮ፣ እርጥበቱን አይቶ ይቍረጥ።

የሹሙ ተግባር ግን ከዚያ አስቀድሞ የሚፈጸም ነው። በክረምት በሚዘራበት አገር፣ የሚያዝያ ጥላ ሲጠፋ የሚታደለው ዘር በወረዳው ጎተራ ተሰናድቶ መገኘት አለበት። ዝናም ከጣለ በኋላ የሚላክ ዘር ለዘንድሮ አይጠቅምም። እንዲሁም ገበሬውን በዘር ወራት ለሙግት ቀጠሮ ከማሳው ማራቅ አይገባም። የሙግቱን ቀጠሮ ለሌላ ቀን ማዛወር ይቻላል፤ የዘር ወራት ግን አንዴ ካለፈ እስከ መጪው ዓመት አይመለስም።