ኢንጂነሪንግ የገቡ ልጆቻችን ሊያውቁት የሚገባ ደንብና ስሌት



ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ ሲባል ቤቱ ሁሉ ደስታ ነው። ኢንጂነሪንግ ደረሰው ሲባል ደግሞ ደስታው ይጨምራል። አባት በሬውን ሸጦም ቢሆን ላፕቶፕ ይገዛል፤ ዐረብ አገር ያለች እህት ወር ጠብቃ የኪስ ገንዘብ ትልካለች። ከዚያ በኋላ ግን ትምህርቱ ከልጁ ምን እንደሚፈልግ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይገኝም። አንዳንዱ ልጅ ራሱ ደንቡን የሚያውቀው የስንብት ደብዳቤው እጁ ሲገባ ነው። በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ከግቢ ተመልሰው ያገኘኋቸው ልጆች ብዙዎቹ ጎበዞች ነበሩ፤ የጎደላቸው በጊዜው የሚነግራቸው ሰው ነው።

በአገራችን የኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ዲግሪ 5 ዓመት ይፈጃል። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው። በዚህ ዓመት ተማሪው ከሒሳብና ከፊዚክስ ጎን ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛና የመሳሰሉትን ይወስዳል። «ኢንጂነር ልሆን መጥቼ ጂኦግራፊ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ችላ የሚል ብዙ ነው። ነገር ግን የእነዚህ ኮርሶች ውጤት ከአማካዩ ውስጥ ይገባል። ሲቪል፣ ኤሌክትሪካል፣ ሶፍትዌር ወይም ሌላ ዲፓርትመንት ሲመረጥ ደግሞ ቦታው ውስን ስለሆነ የሚወዳደሩት በዚሁ ውጤት ነው። በሎጂክ የተጣለ ነጥብ የተመኙትን ዲፓርትመንት ሊያሳጣ ይችላል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ፤ ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ኮርስ ክብደት አለው፤ ክብደቱም በክሬዲት ወይም በኢሲቲኤስ ይለካል። ሀ 4፣ ለ 3፣ ሐ 2 ነጥብ እንደማለት ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነጥብ ነው። ነጥቡ በኮርሱ ክብደት ይባዛል፤ ድምሩም ለጠቅላላው ክብደት ይካፈላል። አንድ ተማሪ 7 ክብደት ባለው ሒሳብ ሲ፣ 3 ክብደት ባለው ቀላል ኮርስ ኤ አመጣ እንበል። 14 እና 12 ሲደመር 26፣ ለ10 ሲካፈል 2.6 ነው። ጓደኛው በተቃራኒው በሒሳቡ ኤ፣ በቀላሉ ሲ ቢያመጣ 28 እና 6 ድምሩ 34 ሆኖ 3.4 ያገኛል። ሁለቱም አንድ ኤ እና አንድ ሲ ነው ያላቸው። ስለዚህ ጊዜያችሁን ስትከፋፍሉ ክብደቱን እያያችሁ ይሁን።

ለመመረቅ ጠቅላላ አማካዩ ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት፤ ኤፍ ያለበት ኮርስም ተደግሞ መስተካከል አለበት። ብዙ ቦታ የዲፓርትመንቱ ዋና ኮርሶች አማካይ ለብቻው 2.00 እንዲሞላ ይጠየቃል። ማስጠንቀቂያ የሚያሰጠውና የሚያሰናብተው ነጥብ በየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ደንብ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ፈልጋችሁ አንብቡት።

«በሚቀጥለው አካክሰዋለሁ» የሚለውንም በቁጥር እንየው። በየሴሚስተሩ 30 ኢሲቲኤስ የሚወስድ ተማሪ መጀመሪያ 1.6 ቢያመጣ 2.00 ለመድረስ በሁለተኛው 2.4 ማምጣት አለበት። ሁለተኛውም 1.6 ከሆነበት ሦስተኛው ላይ 2.8 ይጠበቅበታል፤ ያውም እስከዚያ ካልተሰናበተ። ሸክሙ በየሴሚስተሩ ይከብዳል።

በኢንጂነሪንግ ሌላው ጣጣ ቅድመ ሁኔታ ያለው ኮርስ ነው። ስታቲክስ የወደቀ ተማሪ ዳይናሚክስን መውሰድ አይችልም። የወደቀው ኮርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። በዚህ ምክንያት አንድ ኤፍ አንድ ሙሉ ዓመት ሊያስከፍል ይችላል።

እርዳታው የት አለ? እያንዳንዱ ተማሪ የሚመደብለት አድቫይዘር አለ፤ ተማሪው ግን ከምዝገባ ፊርማ ውጭ አያገኘውም። ሚድ ተፈትናችሁ ውጤቱ ሲያስደነግጥ ቶሎ ሂዱ፤ ፋይናል ካለፈ በኋላ አድቫይዘሩም የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው። ለሴት ተማሪዎች በሥርዓተ ፆታ ቢሮ በኩል የሚዘጋጅ ቱቶሪያል አለ። እህቶቻችን «ደካማ ይሉኛል» ብለው ሊሸሹት አይገባም። የግቢ ጀመዓዎችም ሲኒየሮች ፍሬሽማኖችን የሚያስጠኑበትን ልማድ ቢያጠናክሩት ትልቅ ኸይር ነው። በእኔ እይታ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ወርክሺቱን ራስ ሠርቶ፣ ያቃተውን ጥያቄ ብቻ ይዞ ሲኒየር ዘንድ መሄድ ነው። ሌላው ሲሠራ ማየት የገባን ያስመስላል፤ ፈተና ላይ ግን ብዕሩ አይንቀሳቀስም።

ላብ ከጁሙዓ ጋር ቢጋጭ ሴሚስተሩ ሲጀመር በክፍል ተወካይ በኩል የላብ ቡድን መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ በኋላ በቀሪ ብዛት ፈተና ከመከልከል ይሻላል። ረመዷን ከፈተና ጋር ከገጠመም ጥናቱን ከወሩ በፊት ማስቀደም ነው። ከተራዊሕ እስከ ሱሑር ነቅቶ ጠዋት ስሌት ፈተና መግባት ለማንም አይመከርም። ዱዓው እንዳለ ሆኖ ሰበቡን ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ 4ኛው ዓመት ላይ የአንድ ሴሚስተር ኢንተርንሺፕ አለ፤ 5ኛው ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናው ተጨምሯል። ኮርሱን ሁሉ የጨረሰ ተማሪም ቢሆን በዚህ አገር አቀፍ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ካላመጣ ዲግሪው አይሰጠውም። ያላለፈ ድጋሚ መፈተን ይችላል። ፈተናው ከየዲፓርትመንቱ ዋና ዋና ኮርሶች የሚወጣ ስለሆነ የ2ኛና የ3ኛ ዓመት ሀንድአውትን አትጣሉ።

በመጨረሻ ለወላጆች። ልጃችሁ ቢታመም ወይም ቤት ውስጥ ችግር ቢደርስ ዝም ብሎ ሻንጣውን ይዞ እንዳይመጣ ምከሩት። በሬጅስትራር በኩል ዊዝድሮዋል ሞልቶ ከወጣ የመመለስ መብቱ ይጠበቅለታል፤ ሳይሞላ ከጠፋ ሊያጣው ይችላል። ታሞ ፈተና ያመለጠውም የሕክምና ማስረጃውን ወዲያው ለዲፓርትመንቱ ያስገባ። ውጤት ጎድሎበት የተሰናበተ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ነገሩ አከተመ ማለት አይደለም፤ ደንቡ የሚፈቅድለት ከሆነ እንደገና ለመግባት ማመልከት ይችላል። ችግሩ ብዙ ልጆች ቤተሰብን ፈርተው መሰናበታቸውን ይደብቃሉ፤ ተመልሰው ወደ ግቢው ከተማ ሄደው በተላከላቸው ብር ቤት ተከራይተው የሚቀመጡም አሉ። በዚህ መሐል የማመልከቻው ቀን ያልፋል። ስለዚህ ልጁ ያለወትሮው ስልክ ካራቀ ወይም ስለ ውጤቱ ሲጠየቅ ወሬ ከቀየረ፣ ሳትቆጡ የውጤት ወረቀቱን አሳየኝ በሉት። ደብዳቤው ላይ እንደገና የመግባት መብት እንዳለውና እንደሌለው ተጽፎ ይገኛል፤ መብቱ ካለው ማመልከቻው የሚያበቃበትን ቀን ሬጅስትራር ሄዶ እንዲያጣራ አድርጉ።