መጽሐፍዎን ለወኪልና ለአሳታሚ ሲያቀርቡ፦ ተረትና እውነታ

በአገር ቤት ብዙ ጸሐፊ ረቂቁን ጨርሶ፣ ገንዘብ አጠራቅሞ በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። በአሜሪካ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ወገናችን ግን የሚገጥመው ሌላ አሠራር ነው። ይህን ባለማወቅ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ጥሩ ሥራ ያሳዝናል።

ተረት፦ መጽሐፉ ተጽፎ ሳያልቅ ለማንም አይላክም።

እውነታ፦ ይህ ለልቦለድ ይሠራል። ስለ ታሪክ፣ ጤና፣ ኢኮኖሚና ስለመሳሰሉት የሚጻፉ መጻሕፍት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአሳታሚ የሚሸጡት በፕሮፖዛል ነው። ፕሮፖዛሉ የመጽሐፉን ፍሬ ሐሳብ፣ የጸሐፊውን ዕውቀትና ለጉዳዩ ያለውን ቅርበት፣ በቅርብ ዓመታት የወጡ ተቀራራቢ መጻሕፍትን፣ የየምዕራፉን አጭር ማብራሪያና አንድ ሁለት የናሙና ምዕራፎች ይይዛል። የራስን ሕይወት የሚተርክ አዲስ ጸሐፊ ግን አተራረኩ ስለሚመዘን ብዙ ጊዜ ሙሉ ረቂቅ ይጠየቃል።

ተረት፦ «ለሁሉም ሰው የሚሆን መጽሐፍ ነው» ማለት ገበያ ያሰፋል።

እውነታ፦ ያጠብበዋል። የአሳታሚው አርታኢ ሐሳቡን ቢወደውም መጽሐፉን ማን እንደሚገዛው ለሽያጭ ክፍሉ ማስረዳት አለበት። ስለ ስኳር በሽታ የሚጽፍ ሐኪም «ለጤናው ለሚጨነቅ ሁሉ» ከሚል፣ «በሽታው በቅርቡ ለታወቀባቸው የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆችና ለሚንከባከቧቸው ነርሶች» ቢል አንባቢው ወዲያው ይታያል። «የሚመስለው መጽሐፍ የለም» ማለትም አይጠቅምም፤ ተቀራራቢ መጻሕፍት መኖራቸው ፈላጊ መኖሩን ያሳያል።

ተረት፦ ወኪል ረቂቅ የሚያነበው ተከፍሎት ነው።

እውነታ፦ ወኪል፣ ማለትም ጸሐፊውን ወክሎ መጽሐፉን ለአሳታሚ የሚሸጥ ባለሙያ፣ የሚከፈለው መጽሐፉ ሲሸጥ ነው፤ በአሜሪካ የተለመደው ከጸሐፊው ገቢ 15 በመቶ ነው። የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች ማኅበርም አባላቱ የንባብ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። ለማንበብ ገንዘብ ከተጠየቁ ይተዉት።

ተረት፦ ያለ ወኪል በር አይከፈትም።

እውነታ፦ እንደ ፔንግዊን ራንደም ሃውስና ሃርፐር ኮሊንስ ያሉት ግዙፍ አሳታሚዎች በአብዛኛው በወኪል በኩል ይቀበላሉ። የዩኒቨርሲቲ አሳታሚዎች ግን ከጸሐፊው በቀጥታ ይቀበላሉ፤ ሥራውንም በዘርፉ ምሁራን ያስገመግማሉ። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የአፍሪካ ጥናት መጻሕፍትን ከሚያወጣው ከኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ዓይነቱ ሊጀምር ይችላል።

ተረት፦ ሐሳቤ እንዳይሰረቅ መደበቅ አለብኝ።

እውነታ፦ በአሜሪካ ሕግ ጽሑፍዎ ከተጻፈበት ቅጽበት ጀምሮ የቅጂ መብት ጥበቃ አለው። ሐሳብ ብቻውን ጥበቃ የለውም፤ የተደበቀ ሐሳብ ደግሞ አይገመገምም። በአንድ ገጽ ደብዳቤ ምን እንደጻፉ፣ ለማን እንደጻፉና ለምን እርስዎ ሊጽፉት እንደሚገባ ለወኪሉ ወይም ለአሳታሚው በግልጽ ይንገሩ።