«ኃይል» እና ጁል

አጋሮ ላይ አንድ ጫኝ 60 ኪሎ ግራም የቡና ጆንያ ከመሬት አንሥቶ 1.5 ሜትር ከፍታ ባለው መኪና ላይ በ3 ሴኮንድ አወጣ እንበል፡፡ በምን አወጣው ቢሉን «በኃይሉ» እንላለን፡፡ ፊዚክስ ግን ሦስት ልዩ ልዩ መጠኖችን ያያል፤ የጆንያው ክብደት 588 ኒውተን፣ የተሠራው ሥራ 882 ጁል፣ የሥራው ፍጥነት 294 ዋት ነው፡፡ አማርኛችን የመከላከያ ኃይል፣ የፀሐይ ኃይል፣ መብራት ኃይል እያለ አንዱን ቃል ለሁሉም ያውላል፡፡

የጅማ ተማሪ ሸክሙ እጥፍ ነው፡፡ በአፋን ኦሮሞ «ሁምና» ብሎ የተማረውን ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ በእንግሊዝኛ ያገኘዋል፡፡ የጥላሁን ጋምታ የኦሮሞ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት (እ.ኤ.አ. 1989) ለቋንቋው ታላቅ ባለውለታ ነው፤ የፊዚክስን መጠኖች መለየት ግን የጠቅላላ መዝገበ ቃላት ተግባር አይደለም፡፡

ብዙዎች የውሰት ቃልን ይፈራሉ፡፡ እኔ የምፈራው ብያኔ የሌለውን የአገር ቃል ነው፡፡ «ኩንታል» ከዐረብኛ ተነሥቶ በአውሮፓ ዞሮ የመጣ ቃል ነው፤ ሆኖም የቡና ነጋዴው 100 ኪሎ መሆኑን ለአፍታም አይጠራጠርም፡፡ ስለዚህ የሳይንስ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ኃይል» ብለው ሲተረጉሙ ከጎኑ መለኪያውን፣ ኒውተን፣ ጁል ወይም ዋት መሆኑን ይጻፉልን፡፡