ሁሉን ቀድሞ ዘውዱን ያጣው ጋላቢ

ሰው በሚሽቀዳደምበት ነገር ሁሉ፥ ቀድሞ የደረሰው አሸናፊ፥ ወደ ኋላ የቀረው ተሸናፊ መሆኑ ለሕፃን እንኳ የሚገባ ፍርድ ነው። ነገር ግን በአንዲት ማታ የገጠሙትን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ቀድሞ፥ በመጨረሻው ሦስተኛ ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ነበረ። ይህ የሆነው በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ፥ ዌምብሌ በሚባለው ታላቅ የስፖርት ሜዳ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 10 ቀን ነው። ከዚህ በታች የሚጻፈውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። የነገሩ አካሄድ ስለ ሕግና ስለ ክብር ለሚያስብ ሰው ሁሉ፥ በቤትም ልጆቹን ለሚመክር ወላጅ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው፥ ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እንተርካለን።

ስፒድዌይ የሚባለው የሞተር ብስክሌት እሽቅድድም መነሻው አውስትራልያ ነው፤ በዚያ አገር በዌስት ሜይትላንድ ከተማ በ1923 ዓ.ም. በመብራት በተደረገ የማታ ውድድር እንደ ተጀመረ ይነገራል። ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በብዙ የተስፋፋው ግን በ1928 ዓ.ም. በሎንዶን አጠገብ በሃይ ቢች ከተደረገው ውድድር በኋላ ነው።

የጨዋታው ሥርዓት እንዲህ ነው። አራት ጋላቢዎች በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ በፊታቸው የተወጠረው ጥብጣብ ሽቅብ ሲነሣ ሁሉም በአንድነት ይፈተለካሉ፤ የእንቁላል ቅርጽ ያለውን ሜዳም በስተ ግራቸው እየታጠፉ አራት ጊዜ ይዞራሉ። ሞተር ብስክሌቱ ማርሹ አንድ ብቻ ነው፤ ፍሬን ግን ከቶ የለውም። ስለዚህ ጋላቢው ከመታጠፊያው ሲደርስ የኋላውን መንኰራኵር ሆን ብሎ ወደ ጎን እያንሸራተተ ይዞራል፤ በግራ ጫማው ሥር ብረት ስለ ታሰረለት፥ እግሩን በምድር ላይ እየጐተተ ሚዛኑን ይጠብቃል። ከኋላው የሚከተለው ሰው ከፊተኛው መንኰራኵር የሚፈናጠረውን ትቢያና ጠጠር በፊቱ ይቀበላል። አንዱ ግጥሚያ ከአንድ ደቂቃ ጥቂት አልፎ ያበቃል፤ በመጀመሪያው መታጠፊያ የቀደመውንም መልሶ መቅደም እጅግ አስቸጋሪ ነው። አንደኛ የወጣ 3 ነጥብ፥ ሁለተኛው 2፥ ሦስተኛው 1 ያገኛል፤ አራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል።

በ1936 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታወጅ፥ የውድድሩ አዘጋጆች አንድ ደንብ ጻፉ። ጋላቢዎቹ በዚያው በጋ በእንግሊዝ አገር ሜዳዎች እየተዘዋወሩ ሲወዳደሩ ከቆዩ በኋላ፥ ብልጫ ያገኙት 16 ሰዎች ወደ ዌምብሌ ይመጣሉ፤ ነገር ግን ሁሉም እኩል ሆነው አይጀምሩም፤ እያንዳንዱ በበጋው ድካሙ መጠን የተሰጠውን ተጨማሪ ነጥብ እንደ ስንቅ ይዞ ይመጣል። በዚህ ደንብ መሠረት የማንቸስተሩ የቤል ቪው ቡድን ጋላቢ እንግሊዛዊው ኤሪክ ላንግተን 13 ነጥብ፥ የዌምብሌው ቡድን ጋላቢ አውስትራልያዊው ሊዮኔል ቫን ፕራግ 12 ነጥብ፥ የዌስት ሃም ቡድን ጋላቢ የሆነው ሌላው አውስትራልያዊ አርተር ዊልኪንሰን 10 ነጥብ ይዘው ቀረቡ። ይህን ዊልኪንሰንን ሰው ሁሉ የሚጠራው ብሉዊ እያለ ነበር፤ የአውስትራልያ ሰዎች ለቀልድ ያህል ጠጕረ ቀዩን ሰው ሰማያዊ ብለው መጥራት ልማዳቸው ነውና።

በዚያች ማታ 74 ሺሕ ያህል ተመልካች ተሰበሰበ። ግጥሚያው 20 ነበረ፤ እያንዳንዱ ጋላቢ አምስት ጊዜ እየወጣ ከቀሩት 15 ሰዎች ጋራ አንድ አንድ ጊዜ ይገናኛል። ዊልኪንሰን አምስት ጊዜ ወጣ፤ አምስት ጊዜም አንደኛ ሆነ፤ ሊገኝ የሚችለውንም 15 ነጥብ ሁሉ ሰበሰበ። ቫን ፕራግ በዊልኪንሰን ብቻ ተቀድሞ 14 አገኘ። ላንግተን በሁለቱ ተቀድሞ 13 አገኘ። ነገር ግን የበጋው ስንቅ ሲደመር ቫን ፕራግ 26፥ ላንግተን 26፥ ዊልኪንሰን 25 ሆኑ። ማንም ያልቀደመው ሰው ዋንጫውን በአንድ ነጥብ አጣ፤ እርሱ የቀደማቸው ሁለቱ ግን ለዘውዱ ብቻቸውን ሊገጥሙ ተጠሩ።

አንባቢ ሆይ፥ ፈራጅ ብትሆን ምን ትፈርድ ነበር? ለዊልኪንሰን የሚከራከር፥ በፊቱ የቆመውን ሁሉ ያሸነፈን ሰው ተሸናፊ የሚያደርግ ደንብ ምን ዓይነት ደንብ ነው ይላል። ለደንቡ የሚከራከርም፥ የአንድ ማታ ዕድል የብዙ ወር ድካምን ሊሽር አይገባውም፤ ደግሞም ደንቡ ሁሉ አውቆት የገባበት ነው እንጂ በኋላ የተፈጠረ አይደለም ይላል። ሁለቱም ቃል እውነት አለበት። ነገር ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ለአንዱ ተብሎ የሚለወጥ ደንብ ለማንም መጠጊያ ስለማይሆን፥ ውጤቱ በተጻፈው ደንብ ጸና።

ከዚህም በኋላ ሁለቱ ሰዎች ለመጨረሻው ግጥሚያ ተሰለፉ። ላንግተን ቸኵሎ ጥብጣቡን ነካ። እንደ ደንቡ ጥብጣብ የነካ ሰው ከግጥሚያው ይወጣል፤ ስለዚህ ዘውዱ ያለ አንዳች ድካም በቫን ፕራግ እጅ ሊገባ ሆነ። እርሱ ግን፥ የዓለም ባለድል መባልን በእንዲህ ያለ መንገድ ሊያገኘው አልፈለገም፤ ግጥሚያውም እንደገና እንዲጀመር ሆነ። በሁለተኛው ጊዜ ላንግተን ፈጥኖ ተነሥቶ ፊተኛ ሆነ፤ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስም መራ። ቫን ፕራግ የተወው መብት በከንቱ የጠፋ ይመስል ነበር። ነገር ግን ከመጨረሻው መታጠፊያ ሲደርሱ በውስጠኛው በኩል ሾልኮ አለፈና፥ አንድ መንኰራኵር በማይሞላ ርቀት ቀድሞ ገባ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን እርሱ ሆነ።

ዊልኪንሰንም በዚያች ማታ ተስፋ ቈርጦ አልቀረም። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1938 ዓ.ም. እንደገና ወደ ዌምብሌ መጣ፤ ትከሻው ተጎድቶ በመጠቅለያ ታስሮ ሳለ ከ15 ነጥብ 14 አግኝቶ፥ ያ ደንብ ሳይሻር፥ በዚያው ደንብ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። ከዚህም በኋላ እሽቅድድሙን ተወ። ዳሩ ግን ፍሬን በሌለው ብስክሌት ከዚያ ሁሉ አደጋ የተረፈው ሰው፥ በ1940 ዓ.ም. በአገሩ በሲድኒ ከተማ በተራ የመንገድ አደጋ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ሞተ።

ቫን ፕራግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውስትራልያ አየር ኃይል ባልደረባ ሆነ። በ1942 ዓ.ም. የነበረበትን አይሮፕላን የጃፓን አይሮፕላኖች በሱምባ ባሕር ላይ መትተው ጣሉት፤ እርሱና ሌላ ጓደኛው ራሳቸውን ማዳን ያልቻሉትን ባልንጀሮቻቸውን ደግፈው 30 ሰዓት ያህል በባሕር ውስጥ ሲዋኙ ቆዩ። ስለዚህም የጆርጅ ሜዳይ ተሸለመ። በመነሻው መስመር ላይ የተቀናቃኙን ውድቀት ለራሱ ጥቅም ያላደረገ ሰው፥ በባሕርም ወንድሙን ጥሎ አልሄደም። በ1987 ዓ.ም. አረፈ።

ያም ደንብ ቢሆን ለዘላለም አልቆመም። የ1939 ዓ.ም. የመጨረሻ ውድድር ጥቂት ቀን ሲቀረው ጦርነት ስለ ተነሣ ቀረ፤ በ1949 ዓ.ም. ሻምፒዮናው እንደገና ሲጀመር የስንቁ ነጥብ ተሽሮ፥ ሁሉም በባዶ እጁ ገብቶ የሚወዳደር ሆነ። ደንብ ጕድለቱ ሲታወቅ ለወደፊቱ መታረሙ መልካም ነው፤ በጨዋታው ላይ ግን ማክበር ይገባል። ዊልኪንሰን ደንቡ የወሰደበትን ዘውድ በዚያው ደንብ መልሶ አገኘው፤ ቫን ፕራግም ደንቡ በነጻ ሊሰጠው የነበረውን በሩጫ ገዛው። ወላጆች ለልጆቻቸው ሁለቱን ታሪክ ሳይለዩ ቢነግሩ፥ መሸነፍንም ማሸነፍንም በአንድ ጊዜ ያስተምራሉ።