የፋርማሲ ቴክኒሻን ሰርተፊኬት ማሳደሻ 20 ሰዓት፦ ሳይከፍሉ እንዴት ይሞላል?



የዛሬው ጽሑፍ ስለ በሽታ አይደለም። አሜሪካ፣ በተለይ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠሩ ተከታታዮቼ በኢንቦክስ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ነገር ነው። ጥያቄው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «ዶክ፣ የቴክኒሻን ሰርተፊኬቴ ሊያልቅ ነው። 20 ሰዓት ትምህርት ያስፈልግሻል አሉኝ። አንዱ ድረ ገጽ ክፈይ ይላል፣ ሌላው ነፃ ነው ይላል። ነፃው ይቆጠርልኛል ወይ?»

አጭሩ መልስ፦ ይቆጠራል። ሃያውንም ሰዓት ለትምህርቱ አንድ ዶላር ሳታወጡ መሙላት ትችላላችሁ። (የማሳደሻ ክፍያው ለብቻው ነው፣ እሱ አይቀርም።) ችግር የሚፈጥረው ኮርሱ ነፃ መሆኑ አይደለም፤ ለእናንተ ያልተዘጋጀ ኮርስ መውሰድ ነው። ሰው ከፈረቃ ወጥቶ፣ ልጆች አስተኝቶ፣ ሌሊት ቁጭ ብሎ ይማርና ማመልከቻውን ሲሞላ ከሃያው ሰዓት ግማሹ ዋጋ የለውም ይባላል። ያኔ ቀኑ አልቋል፣ ሥራው ደግሞ በሰርተፊኬቱ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

በመጀመሪያ፣ እጃችሁ ላይ ያሉት ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች መሆናቸውን ለዩ። አንደኛው በመላው አሜሪካ የሚታወቀው የሙያ ማረጋገጫ ነው። ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት በ1995 የተቋቋመው የፋርማሲ ቴክኒሻኖች ማረጋገጫ ቦርድ፣ ማለትም ፒቲሲቢ፣ የሚሰጠው ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ኤክስሲፒቲ የሚባለውን የኤንኤችኤ ፈተና ወስዳችሁ ይሆናል። ሁለቱም በየ2 ዓመቱ ይታደሳሉ፣ ሁለቱም 20 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃሉ፣ ከሃያው ውስጥም 1 ሰዓት የፋርማሲ ሕግ፣ 1 ሰዓት የታካሚ ደህንነት መሆን አለበት።

ሁለተኛው ወረቀት የምትሠሩበት ስቴት የፋርማሲ ቦርድ የሚሰጣችሁ ምዝገባ ወይም ፈቃድ ነው። ይሄ የራሱ ቀን፣ የራሱ ሕግ አለው። አንዱን ማሳደስ ሌላውን አያሳድስም። ቨርጂኒያን እንውሰድ። እዚያ ቴክኒሻን በየዓመቱ 5 ሰዓት መማር አለበት፤ የተረፈ ሰዓትም ወደሚቀጥለው ዓመት አይዛወርም። አሁን አስቡት፦ አንድ ሰው መጀመሪያው ዓመት ላይ ምንም ሳይማር ከርሞ በሁለተኛው ዓመት በአንድ ወር ውስጥ 20 ሰዓት ጨረሰ። ፒቲሲቢ «ጎበዝ፣ ሞልተሃል» ይለዋል። የቨርጂኒያ ቦርድ ግን «ያለፈው ዓመት 5 ሰዓትህ የት ገባ?» ቢለው መልስ የለውም። እኔ ብሆን በየዓመቱ 10 ሰዓት እያደረግሁ ሁለቱንም አንድ ላይ አስኬዳለሁ። ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ የየቦርዳችሁን ገጽ ገብታችሁ አንብቡ። የጎረቤት ስቴት ጓደኛችሁ የነገረቻችሁ ለእሷ ልክ ሆኖ ለእናንተ ላይሠራ ይችላል።

ወደ ኮርሱ ስንመጣ፣ ከሁሉ በፊት መመልከት ያለባችሁ አንድ ረጅም ቁጥር አለ። የአሜሪካ የፋርማሲ ትምህርት እውቅና ሰጪ ምክር ቤት፣ ኤሲፒኢ፣ ያጸደቀው አዘጋጅ የሚሰጠው እያንዳንዱ ኮርስ መለያ ቁጥር ይኖረዋል። ሰዎች ቁጥሩ ስለሚረዝም ያልፉታል። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ መጨረሻው ብቻ ነው። የመጨረሻዋ ፊደል «ቲ» ከሆነች ኮርሱ ለቴክኒሻን ነው፤ «ፒ» ከሆነች ለፋርማሲስት ነው። ፒቲሲቢ የሚቆጥረው ለቴክኒሻን ተብሎ የተዘጋጀውን ነው። አንድ ርዕስ፣ አንድ አስተማሪ፣ አንድ ቪዲዮ ሆኖ በሁለት ቁጥር ሊቀርብ ይችላል፤ ስትመዘገቡ በስህተት የፋርማሲስቱን ከመረጣችሁ ሰዓቱ ሄደ ማለት ነው። የምክር ቤቱ ስም ገጹ ላይ ስላለ ብቻ ደስ ብሏችሁ አትጀምሩ፣ ፊደሏን እዩ።

ከፊደሏ ቀደም ብሎ ያለው ባለ ሁለት አሃዝ ደግሞ የትምህርቱን ዘርፍ ይነግራችኋል። 03 ሕግ ነው፣ 05 የታካሚ ደህንነት ነው። ርዕሱ ላይ «ሴፍቲ» የሚል ቃል ስላለ የደህንነት ኮርስ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ፤ ቁጥሩ 05 ካልሆነ ለዚያ ቦታ ላይያዝላችሁ ይችላል።

ሌላ የሚያደናግረው ነገር የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ሰርተፊኬቱ ላይ 0.1 ተብሎ ሲጻፍ 1 ሰዓት ማለት ነው፣ 1.0 ደግሞ 10 ሰዓት። ስለዚህ 2.0 ያያችሁ ቀን ሁለት ሰዓት መስሏችሁ አትደንግጡ፣ ሃያውን ጨርሳችኋል።

ነፃውን ከየት ታገኛላችሁ? ፓወር ፓክ የሚባለው ገጽ ለፋርማሲ ባለሙያዎች ኮርሶችን ያለ ክፍያ ይሰጣል። ፋርማሲ ታይምስም በተከታታይ ትምህርት ክፍሉ ለቴክኒሻኖች ነፃ ኮርሶች ያወጣል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ሥልጠናዎቹ ነፃ ናቸው፤ እዚያ ግን ብዙ ዓይነት የጤና ባለሙያ ስለሚማር አሁንም «ቲ» መኖሯን አረጋግጡ። ከዚህ ውጪ አለቃችሁን ጠይቁ። ብዙ ፋርማሲዎችና ሆስፒታሎች ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ደንበኝነት ከፍለው ይይዛሉ፤ ማንም ስለማይጠይቅ ብቻ ሳይነካ ይቀመጣል። በነገራችን ላይ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ የሚሰጠው ተራ ሥልጠና፣ እውቅና ያለው መለያ ቁጥር ከሌለው፣ ፒቲሲቢ ዘንድ አይቆጠርም። ድሮ የተወሰነው ይያዝ ነበር፣ ከ2018 ወዲህ ቀርቷል። በዕድሜ ጠና ያሉ የሥራ ባልደረቦች አሁንም «ይያዛል» ይሏችኋል፤ አትስሟቸው።

ስሙ ላይ «ነፃ» የሚል ያለበት ገጽ ሁሉ ነፃ አለመሆኑንም ልብ በሉ። አንዳንዱ ቪዲዮውን በነፃ አሳይቶ ሰርተፊኬቱን ለማውጣት ሲደርስ ካርድ ይጠይቃል። ኮርሱን ከመጀመራችሁ በፊት የክፍያው ቦታ ላይ ዜሮ መሆኑን እዩ።

«ለምን ነፃ ሆነ ታዲያ?» ለሚል ጠርጣራ፣ ጥርጣሬው ጥሩ ነው። ብዙዎቹ ነፃ ኮርሶች የሚዘጋጁት የመድኃኒት ኩባንያዎች በሚሰጡት የትምህርት ድጋፍ ገንዘብ ነው። ኩባንያው ይዘቱን እንዳይቆጣጠር የእውቅና ሰጪው ደንብ ይከለክላል፤ ገንዘቡን ማን እንደሰጠም መጀመሪያ ላይ መገለጽ አለበት። ቢሆንም ገንዘብ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ስታውቁ ርዕሶቹ ለምን ወደ አዳዲስና ውድ መድኃኒቶች እንደሚያደሉ ይገባችኋል። ስለ ሕግና ስለ ታካሚ ደህንነት የሚከፍል ኩባንያ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ምክሬ፦ ነፃ የሕግና የደህንነት ኮርስ ባያችሁበት ቀን ያንኑ ቀን ውሰዱት። የቀረውን 18 ሰዓት መሙላት አያቅታችሁም።

ትምህርቱን ከመጀመራችሁ በፊት የሚሠራ አንድ የቤት ሥራም አለ። የፋርማሲ ቦርዶች ብሔራዊ ማኅበር፣ ኤንኤቢፒ፣ ገጽ ላይ የራሳችሁን መለያ ቁጥር አውጡ፣ በነፃ ነው። የጨረሳችሁት ኮርስ ሲፒኢ ሞኒተር ወደሚባለው መዝገብ የሚገባው በዚህ ቁጥርና በልደታችሁ ወርና ቀን ነው። የእኛ ሰው እዚህ ጋ ይሰናከላል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ልደት አንድ ነው፣ እናት የምትናገረው ሌላ ነው፣ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ የወጣው ደግሞ ሦስተኛ። ለሁሉም ቦታ በሰነዳችሁ ላይ ያለውን አንዱን ብቻ ተጠቀሙ። አለበለዚያ ኮርሱ ተምራችሁት መዝገቡ ውስጥ አይታይም። አዘጋጆቹ ሰዓቱን ለማስገባት እስከ 60 ቀን ጊዜ ስላላቸው፣ ማብቂያ ቀናችሁ ሳምንት ሲቀረው የወሰዳችሁት ኮርስ በጊዜው ላይታይ ይችላል። ሰርተፊኬቱን በፒዲኤፍ እያወረዳችሁ አስቀምጡ፤ ፒቲሲቢ ማስረጃ እንዲያቀርቡ የሚመርጣቸው ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ፤ ይሄን ጽሑፍ በጤና ገጽ ላይ ያወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ነፃ ኮርስን ቪዲዮውን ከፍቶ ወጥ እየሠሩ ማሳለፍ ይቻላል። ጥያቄዎቹንም እየሞከሩ ማለፍ ይቻላል። ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፣ የደህንነቷን አንድ ሰዓት ግን ቁጭ ብላችሁ ስሟት። እኛ ሐኪሞች የምንጽፈው ማዘዣ ታካሚው እጅ ከመድረሱ በፊት የሚያልፈው በእናንተ ዓይን ነው።

ሃይድሮክሲዚን እና ሃይድራላዚንን ተመልከቱ። አንዱ ለማሳከክና ለአለርጂ፣ ሌላው ለደም ግፊት ነው። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ተቀራራቢ ስለሆኑና መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ የሚለያዩባቸውን ፊደላት በትልልቁ መጻፍ ተጀመረ። (የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ይህ ዘዴ ለእኛ ባልሠራም ነበር።) ኢንሱሊን ላይ «ዩኒት» የሚለው ቃል በአንድ ፊደል ሲታጠር ፊደሏ ዜሮ ትመስልና 10 የነበረው 100 ይሆናል። ከነጥብ በኋላ ያለ ዜሮም እንዲሁ ነው፤ ነጥቡ ካልታየ 1.0 ሚሊ ግራም 10 ሆኖ ይነበባል። ሜቶትሬክሴት ደግሞ አለ። ለመገጣጠሚያ ብግነትና ለሶርያሲስ ሲታዘዝ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ ተብሎ ከተጻፈ መቅኒን ይጎዳል፣ በዚህ ስህተት የሞቱ ሰዎች አሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም «በቀን አንድ» የሚል ሜቶትሬክሴት ያየ ቴክኒሻን ቆም ብሎ ፋርማሲስቱን ቢጠራ፣ ያን ቀን ከማንኛችንም በላይ ሠርቷል።

ማንም ኮርስ የማያስተምራችሁ፣ እናንተ ግን የምታውቁት ነገርም አለ። ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናት «በ8 ሰዓት ውሰጂ» ሲባሉ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ብለው ሊወስዱ ይችላሉ፤ ያ ደግሞ በአሜሪካ ሰዓት ከቀትር በኋላ 2 ነው። የጠዋቷ ክኒን 6 ሰዓት ዘገየች። የማታዋ ደግሞ ሌሊት ላይ ዋለች። ማብቂያ ቀንም እንዲሁ ነው፦ በፈረንጆች 2023 ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በእኛ 2018 ለሚቆጥር ሰው ገና 5 ዓመት የቀረው ይመስላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ፋርማሲው ውስጥ ከእናንተ ሌላ ላይኖር ይችላል።

ግን እዚህ ጋ የሕጓ ሰዓት ትመጣለች። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ መምከር የፋርማሲስቱ ሥራ ነው፣ የቴክኒሻን አይደለም። «እማማ፣ ይሄን ከዚያኛው ጋር አይውሰዱት» ብሎ ከራስ መናገር በአማርኛም ቢሆን ምክር ነው። ትክክለኛው መንገድ ፋርማሲስቱን ጠርቶ «እኚህ እናት ሰዓት የሚቆጥሩት በሌላ መንገድ ነው» ብሎ ማስረዳት፣ የሚለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መተርጎም ነው። ሀገር ቤት ፋርማሲ ተምራችሁ እዚያ ቴክኒሻን ሆናችሁ የምትሠሩ ይህ እንደሚከብዳችሁ ይገባኛል፤ መልሱን እያወቁ ዝም ማለት ቀላል አይደለም። ሕጉ ግን የሚያየው የያዛችሁትን ፈቃድ ነው።

ቀኑ ያለፈባችሁ ካላችሁ፦ ሰርተፊኬቱ ካበቃ በኋላ «ሰርቲፋይድ» የሚለውን መጠሪያ መጠቀም አቁሙ፣ ለአለቃችሁም ንገሩ። ፒቲሲቢ ካለፈ በኋላ የመመለሻ መንገድ አለው፤ ሃያውን ሰዓት አሁንም ይጠይቃል፣ ክፍያው ከመደበኛው ማሳደሻ ይበልጣል፣ የሚሠራውም ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ የሚቀረው ፈተናውን እንደ አዲስ መቀመጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ማብቂያ ቀኑን እዩና ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ፤ አንዱን 6 ወር ሲቀረው፣ ሌላውን 3 ወር ሲቀረው።