የቆመን ዛፍ ሳይቈርጡ ስለ መመዘን

ሰው ያለውን ሀብት ለማወቅ ይቈጥራል፤ ይሰፍራል፤ ይመዝናል። ባላገር እህሉን በቁና ይሰፍራል፤ ከብቱን በቁጥር ያውቃል፤ ነጋዴም ቡናውን በሚዛን ይሸጣል። በማሳና በግጦሽ ላይ የቆመው ግራር ግን ሚዛን የሚያየው ተቈርጦ፣ ከስሎ፣ በጆንያ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ የወደቀ ዛፍ ዋጋ ያለው፣ የቆመ ዛፍ ግን ዋጋ የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ዛፍ ሳይቈረጥ ክብደቱን፣ በውስጡም ያከማቸውን ካርቦን ለመገመት የሚያስችል ጥበብ አለ። ይህም በገመድ፣ በዘንግና በሒሳብ የሚሠራ ስለ ሆነ በማንኛውም የገጠር ትምህርት ቤት ሊሠራ ይችላል።

1ኛ፤ ስለ አገሩና ስለ ዛፎቹ

ቀድሞ ናዝሬት ትባል ከነበረችው ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂና ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ አልፎ እስከ ሻሸመኔ የሚዘልቀው አገር በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ ነው። ዝናሙ የሚበዛው በክረምት ሲሆን በጋው ረጅምና ደረቅ ነው። ስለዚህ ዛፎቹ እንደ ደጋ ጫካ ተጠጋግተው ሳይሆን በሣርና በማሳ መካከል ተራርቀው ይቆማሉ፤ እንዲህ ያለውን አገር የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ሳቫና ይሉታል።

ከዛፎቹ የበዙት ግራሮች ናቸው። ከነዚህም አንዱ በኦሮምኛ ደደቻ የሚባለው፣ አናቱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው ነው፤ ዋጩም ከዚሁ ወገን ነው። በደኖ ደግሞ ፍሬው የሚበላ እሾኻም ዛፍ ነው። ገርቢ የሚባለው በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ይለመልማል። ስለዚህ በሥሩ ለተዘራው እህል ብርሃን አይከለክልም፤ የሚረግፈው ቅጠሉም መሬቱን ያዳብራል። የሞጆና የአዳማ ዙሪያ ገበሬ ይህን ስለሚያውቅ ገርቢን ከማሳው ውስጥ ሳይነቅል ይተወዋል።

2ኛ፤ ካርቦን ምን እንደ ሆነ

ካርቦን ማለት የከሰል ዋና አካል ነው። እንጨት በአፈር ታፍኖ ሲከስል ውኃውና ጢሱ ይወጣል፤ የሚቀረው ጥቁር ነገር አብዛኛው ካርቦን ነው። ብዙ ሰው የዛፍ አካል ከአፈር የተሠራ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዛፍ ከአፈር የሚወስደው ውኃና ጥቂት ማዕድን ነው፤ እንጨት ሲቃጠል የሚቀረው ዐመድ ያ ማዕድን ነው። ካርቦኑን የሚያገኘው ከአየር ነው። ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ኀይል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር ይስባል፤ ካርቦኑን ከውኃ ጋር አዋሕዶ እንጨት፣ ቅጠልና ሥር ያደርገዋል፤ ሰውና እንስሳ የሚተነፍሱትን ኦክሲጅንም ያወጣል። ዛፉ ሲቃጠል ወይም ሲበሰብስ ያው ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በምድር ዙሪያ እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀትን ይይዛል። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ በብዛት ስለሚቃጠል፣ ደንም ስለሚመነጠር፣ ይህ ጋቢ እየወፈረ የምድር ሙቀት ጨምሯል። እንግዲህ የቆመ ዛፍ በአካሉ የያዘው ካርቦን ከዚያ ጋቢ የተቀነሰ ነው ማለት ነው።

3ኛ፤ ሦስቱ ልኮች

የዛፍን ክብደት ለመገመት ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይኸውም የግንዱ ውፍረት፣ የዛፉ ቁመትና የእንጨቱ ጥብቀት ነው።

ውፍረት። ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር ላይ፣ በሰው ደረት ትክክል፣ ገመድ በግንዱ ዙሪያ ይጠመጠማል። የገመዱ ርዝመት ተለክቶ ለ3.14 ሲካፈል የግንዱ አጋማሽ ስፋት ይገኛል። ዙሪያው 94 ሳንቲሜትር ቢሆን ስፋቱ 30 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ግራር ብዙ ጊዜ ከታች ጀምሮ ይከፈላል፤ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ግንድ ለብቻው ይለካል፤ የየአንዳንዱም ስፋት በራሱ ተባዝቶ ይደመራል። አንዱ 30፣ ሁለተኛው 20 ቢሆን፣ 900 እና 400 ተደምሮ 1300 ይሆናል።

ቁመት። የ1 ሜትር ዘንግ ቀጥ አድርጎ በማቆም ጥላው ይለካል፤ በዚያው ሰዓት የዛፉ ጥላ ይለካል። የዘንጉ ጥላ ግማሽ ሜትር፣ የዛፉ ጥላ 4 ሜትር ቢሆን፣ የዛፉ ቁመት 8 ሜትር ነው። ነገር ግን አናቱ እንደ ጃንጥላ በተዘረጋው ግራር ላይ ልብ ማድረግ ይገባል። የጥላው ጫፍ የሚመጣው ከግንዱ አናት ሳይሆን ከጃንጥላው ዳር ነው። ስለዚህ መለካት ያለበት ከግንዱ ሥር ሳይሆን፣ ጥላው በወደቀበት በኩል ካለው ከቅርንጫፉ ዳር ትክክል ከሆነው መሬት ጀምሮ ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ 3 ሜትር የተዘረጋ ቢሆንና ከግንዱ ቢለካ፣ ጥላው 7 ሜትር፣ ቁመቱም 14 ሜትር ይመስላል፤ በዚህ ስሕተት የዛፉ ክብደት ወደ እጥፍ ይቀርባል።

ጥብቀት። ከርጥብ ቅርንጫፍ አንድ ቁራጭ ተወስዶ እስከ አፉ በውኃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ይጠልቃል፤ የፈሰሰው ውኃ ሲለካ የቁራጩ ይዘት ይታወቃል። ከዚህ በኋላ ቁራጩ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ይደርቃል፤ ከዚያም ይመዘናል። የፈሰሰው ውኃ 200 ሚሊ ሊትር፣ የደረቀው ቁራጭ 140 ግራም ቢሆን፣ ጥብቀቱ 0.7 ነው። እንጨቱ መድረቅ ያለበት፣ ርጥብ እንጨት ብዙ ውኃ ስላለበትና ውኃው ካርቦን ስላልሆነ ነው።

4ኛ፤ ሒሳቡ

በፈረንጅ ቁጥር 2014 ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ ሊቃውንት በሞቃት አገሮች በ58 ስፍራ ተቈርጠው የተመዘኑ 4004 ዛፎችን መርምረው፣ ከሦስቱ ልኮች ክብደትን የሚያስገኝ ቀመር አውጥተዋል። ቀመሩ ለመካከለኛ ዛፍ ሲቀልል እንዲህ ይሆናል፤ ስፋቱ በራሱ ይባዛል፤ የተገኘው በቁመቱ፣ ደግሞም በጥብቀቱ ይባዛል፤ በመጨረሻም በ0.055 ይባዛል። ስፋቱ በሳንቲሜትር፣ ቁመቱ በሜትር ሲሆን፣ የሚገኘው ከመሬት በላይ ያለው የዛፉ ደረቅ ክብደት በኪሎ ነው።

ምሳሌ። 30 በ30 ሲባዛ 900 ነው፤ በ8 ሲባዛ 7200፤ በ0.7 ሲባዛ 5040፤ በ0.055 ሲባዛ 277 ኪሎ ያህል ይሆናል። ከ100 እጅ ደረቅ እንጨት 47 እጅ ያህሉ ካርቦን ስለ ሆነ፣ በዚህ ዛፍ ያለው ካርቦን 130 ኪሎ ነው። 12 ኪሎ ካርቦን ሲቃጠል 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሆን፣ ያ ዛፍ ከአየር የሳበው 477 ኪሎ ያህል ነው። በመሬት ውስጥ ያለው ሥር በዚህ አልተቈጠረም። በደረቅ አገር ዛፍ ውኃ ፍለጋ ሥሩን ብዙ ስለሚዘረጋ፣ የሥሩ ክብደት ከላይኛው አካል ሩብ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

ይህ ግምት ነው እንጂ ሚዛን አይደለም። በአንድ ዛፍ ላይ ብዙ ሊሳሳት ይችላል፤ ዛፎቹ ሲበዙ ግን የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

5ኛ፤ የአንድ ቀበሌን ዛፍ ስለ መገመት

ዛፉን ሁሉ መለካት ድካም ስለ ሆነ፣ ርዝመቱ 50 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሜትር የሆነ ስፍራ ይከለላል። ይህም 1000 ካሬ ሜትር፣ ማለት የሄክታር አንድ ዐሥረኛ ነው። በዚያ ውስጥ ያሉት ዛፎች ክብደት ተደምሮ በ10 ሲባዛ የሄክታሩ ይታወቃል። ምሳሌ ከሆነው ዛፍ 4 ቢገኙ 1108 ኪሎ፣ በሄክታርም 11 ቶን ያህል ይሆናል።

ትልቁ ፈተና ስፍራውን መምረጥ ነው። ዛፍ የበዛበትን ብቻ የለካ ቀበሌውን ባለጸጋ ያደርጋል፤ የተራቈተውን ብቻ የለካም ድኻ ያደርገዋል። ስለዚህ ስፍራዎቹ በዕጣ ይውጡ፤ ከአንድ በላይም ይሁኑ። ዕጣው በባዶ መሬት ላይ ቢወድቅ፣ ባዶ ተብሎ ይጻፍ እንጂ ስፍራው አይለወጥ።

6ኛ፤ የዚህ ዕውቀት ጥቅም

ከአዳማ ወደ አዋሽ፣ ከሞጆም ወደ ዝዋይ በሚወስዱት መንገዶች ዳር ከሰል በጆንያ ተደርድሮ ሲሸጥ ይታያል። በአፈር ተሸፍኖ በሚከስል እንጨት፣ ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ነው። እንግዲህ በምሳሌው የተነገረው ዛፍ ከ28 እስከ 55 ኪሎ ከሰል ይሰጣል፤ የቀረው በጢስ ይጠፋል። የሚያከስለው ሰው ይህን የሚያደርገው በችግር ነውና በነቀፋ ብቻ አይመለስም፤ ነገር ግን የሚሸጠውና የሚያጠፋው ምን ያህል እንደ ሆነ በቁጥር ቢያይ፣ ከቤተ ሰቡና ከሽማግሎቹ ጋር ለመምከር ይችላል።

ዛፉ ያን ያህል ለመሆን የፈጀበት ዘመንም ሊታወቅ ይችላል። ዶክተር አስቴር ገብረ ክርስቶስና ጓደኞቻቸው በስምጥ ሸለቆ በአበርኖሳ የግራርንና የበደኖን ግንድ ቀለበት መርምረው፣ በፈረንጅ ቁጥር 2008 እንደ ገለጹት፣ ዛፎቹ ዝናም በበዛበት ዓመት ወፍራም፣ ባነሰበት ዓመት ቀጭን ቀለበት ያወጣሉ። ስለዚህ ግንድ የድርቅና የጥጋብ ዘመን መዝገብ ነው።

የቆመ ዛፍ ገንዘብ ያስገኘበት ምሳሌም በወላይታ በሑምቦ አለ። በዚያ የተራቈተው ተራራ 2728 ሄክታር ተከልሎ፣ ከመሬት በታች በሕይወት የቀሩት ጉቶዎች እንዲያቈጠቍጡ ባላገሮቹ በማኅበር ሆነው ጠበቁ። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ መዝገብ ተጻፈ፤ ዛፎቹ የያዙት ካርቦን ተለክቶም በ2003 ዓ.ም. የመጀመሪያው ማረጋገጫ ተሰጠ፤ ከገዢዎቹም አንዱ የዓለም ባንክ ነበረ። ገንዘቡ የተከፈለው በተለካው ልክ ስለ ሆነ፣ ያለ ልክ ክፍያው ባልኖረ ነበር። በሐሰት የበዛ ልክም አንድ ጊዜ ሲገለጥ የእውነተኞቹን ሁሉ እምነት ያጠፋል።

7ኛ፤ ለመምህራንና ለሽማግሎች

ትምህርት ቤቱ በግቢውና በአጠገቡ ካሉት ዛፎች ዐሥሩን መርጦ ቁጥር ይስጣቸው፤ ገመዱ የሚያልፍበትንም በቀለም ያመልክት። በየዓመቱ ክረምት ካለፈ በኋላ ተማሮች ዙሪያውንና ቁመቱን ለክተው፣ የዛፉን ስም፣ ቀኑንና የለካውን ሰው ስም በአንድ መዝገብ ይጻፉ። ሁለት ልጆች ለየብቻ ለክተው ቢለያዩ ሁለቱም ልክ ይጻፍ፤ አንዱ አይፋቅ።

ሽማግሎችም ዛፉ በማን ዘመን እንደ በቀለ፣ በየትኛው ድርቅ ቅርንጫፉ እንደ ተቈረጠ፣ አጠገቡ የነበሩት መቼ እንደ ጠፉ ይንገሩ፤ ይህም በዚያው መዝገብ ይግባ። የተቈረጠ ዛፍ ቢኖር የተቈረጠበት ቀንና የመጨረሻ ልኩ ተጽፎ ይቀመጥ። መዝገቡ ለሚቀጥሉት ተማሮች ሲተላለፍ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ቀበሌው ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጣ በራሱ ልጆች እጅ ከተጻፈው ቁጥር ያነባል።