የመንገደኛ ስንቅና ድብ

ድብ ጠጕሩ ብዙ፥ ጥፍሩ ረዥም፥ ጕልበቱም ታላቅ የሆነ የዱር አውሬ ነው። በሰሜን አሜሪካ ጫካና ተራራ ይገኛል። ሣርና ሥር፥ የዱር ፍሬና ጕንዳን፥ ዓሣና ሥጋም ይበላል። ብርድ ሲጸና በጕድጓዱ ተኝቶ ብዙ ወራት ሳይበላ ይከርማል፤ ስለዚህ ከመተኛቱ አስቀድሞ ሰውነቱ እስኪሰባ ድረስ ምግብ ሲፈልግ ይውላል። አፍንጫውም እጅግ የሚያሸት ስለ ሆነ የምግብን ሽታ ከሩቅ ያውቃል።

በዚያ አገር ስንቃቸውንና ድንኳናቸውን በጀርባቸው ተሸክመው፥ በእግር እየሄዱ ተራራውን የሚጐበኙ ብዙ ሰዎች አሉ። ከእነርሱም አንዳንዱ፥ «እኔ ድብን አልፈራም፤ ለአንድ ሌሊት ብዬ ስንቄን ለምን እሰውራለሁ?» ይላል። ይህ ሰው የሚያስበው ስለ ራሱ ብቻ ነው።

ድብ አንድ ጊዜ የሰውን ምግብ ያለ ድካም ካገኘ አይረሳም። ጕንዳን ለመልቀም ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ከመገልበጥ ይልቅ አንድ ስልቻ መዝረፍ ይቀለዋል። ስለዚህ ወደ ድንኳኑ ስፍራ ይመለሳል፤ እናቲቱም ግልገሎችዋን ይህንኑ ታስለምዳለች። ውሎ አድሮ ሰውን መፍራት ይተዋል፤ ድንኳን ይቀድዳል፥ የመኪናም በር ይሰብራል። ያን ጊዜ የዱሩ ጠባቂዎች ሰው እንዳይጐዳ ብለው ብዙ ጊዜ ይገድሉታል። ያጠፋው ስንቁን ያልጠበቀው ሰው ነው፤ የተቀጣው ግን ድቡ ነው።

ይህ ነገር በየሎውስቶን ታይቶአል። ይህ ምድር በ1872 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር በመንግሥት ሕግ የተከለለ ነው። በዚያ ሰዎች ድቦች ትራፊ ሲበሉ ለማየት ይሰበሰቡ፥ ከመኪናም ሆነው ያጐርሱአቸው ነበር። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰዎች ቈሰሉ፥ ብዙ ድቦችም ተገደሉ። በ1970 ዓ.ም. ትራፊ የሚጣልበት ስፍራ ተዘጋ፤ ማጕረስን የሚከለክለውም ሕግ በብርቱ ተጠበቀ። ከዚያ ወዲህ በድብ የሚቈስል ሰው እጅግ አነሰ።

ዛሬ በየሎውስቶን የሚያድር መንገደኛ ስንቁን ከምድር 10 ጫማ ከፍ አድርጎ፥ ከግንዱም 4 ጫማ አርቆ ይሰቅላል፤ ምግብ ከሚያበስልበትም ስፍራ 100 ያርድ ርቆ ይተኛል። በካሊፎርኒያ ባለው በዮሴሚቲ ግን ድቦች የተሰቀለውን ማውረድ ስለ ተማሩ መስቀል አይበቃም። በዚያ ስንቅ ሁሉ ድብ ሊከፍተው በማይችል ጠንካራ ዕቃ እንዲቀመጥ ሕግ ያዝዛል። ሳሙናም ሽታ ስላለው ከስንቁ ጋር ይከተታል።

በሰው ቤት ያደረ እንግዳ የቤቱን ሥርዓት ይጠብቃል። ዱር የድብ ቤት ነው፤ መንገደኛውም በዚያ የአንድ ሌሊት እንግዳ ነው። እርሱ ማልዶ ይሄዳል፤ በቸልታው የሚመጣው ጕዳት ግን ከእርሱ በኋላ በሚያድረው ሰውና በድቡ ላይ ይወድቃል።